በልዩነት ይያዝልኝ

የበደለኝ ሰው መምህር ነበር። የበደለኝም ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ጥቅምት ላይ፣ አዲሱ መዋቅር በወረደበት ጊዜ ነው። ስሙን አልጽፍም። እሱ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ከሮቤ ጎባ በሚመላለሰው ሚኒባስ ከሚሳፈረው ሰው ግማሹም ያውቃል። የሠራሁበትን ወረዳ ስምም አልጠራም። ከሮቤ ጠዋት ተነስቶ ለሥራ ሰዓት የሚደረስበት፣ ብርዱ ከሮቤ የሚብስ፣ ዙሪያው ስንዴና ገብስ የሆነ ወረዳ ነው ካልኩ ይበቃል። ፊት ለፊት ስንገናኝ እርስዎ እለዋለሁ። እዚህ ግን እሱ ነው።

ከባለቤቴ ጋር አንድ ትምህርት ቤት አስተምሯል። ቤታችን እየመጣ ጨጨብሳዬን በልቷል። ባለቤቴ ሲሞት የሕይወት ታሪኩን ያነበበው እሱ ነው። አንብቦ ሲጨርስ ወደ እኔ መጥቶ «እህቴ፣ ከእንግዲህ ወንድም አለሽ» አለኝ። ለቀስተኛው ሁሉ የሰማው ነገር ነው። በኋላ የሆነውን ስናገር አጋነነች የሚሉኝ ሰዎች ይህንንም ያስታውሱልኝ።

ድልድል ምን እንደሆነ የማያውቅ አንባቢ ካለ ላስረዳ። ከላይ አዲስ መዋቅር ይመጣል። የነበረው የሥራ መደብ ይታጠፍና ሌላ ይዘረጋል፤ ሠራተኛው ለገዛ ወንበሩ እንደ አዲስ ይወዳደራል። አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ነጥብ ይሰጣል፣ ዝርዝሩም በሰው ሀብት ክፍል በር ላይ ይለጠፋል። ስሙ ከዝርዝሩ የታጣ ሰው ተባረረ አይባልም። ደመወዙ አይቆምም፤ ወንበር ብቻ የለውም። ተንሳፋፊ ይባላል።

እኔ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆኜ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። የትኛው ፋይል የት እንዳለ አውቅ ስለነበር መብራት በሚጠፋበት ቀን በጨለማ ገብቼ አወጣ ነበር። መምህሩ በዚያን ጊዜ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ተወክሎ ከአምስቱ የኮሚቴ ሰዎች አንዱ ነበር። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ስሜ የለም። ወንበሬ የተሰጠው ፋይል አደራደር እኔው ላስተማርኳት ልጅ ነው። ልጅቱን አልቀየምኳትም፤ ማለቴ ብዙ አልቀየምኳትም። ኮሚቴው ውስጥ የተባለውን የነገረኝ የሰው ሀብቱ ኃላፊ ነው። ሆዱ ወሬ የማያሳድር ሰው ነበር፤ አሁን ጎባ ላይ ጥሩ ቤት ሠርቷል። መምህሩ፣ ኮምፒውተር አትነካም፣ ዕድሜዋም ሄዷል፣ ልጇ አዳማ ስላለች ዛሬ ነገ ጥላን ትሄዳለች፣ ብሎ ነጥቤን አስቀነሰ አለኝ።

በማግስቱ ኮሪደሩ ላይ አገኘኝ። አጠገባችን ሰዎች ነበሩ። ትከሻዬን ቸብ አድርጎ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ ተንሳፈፍሽ እንጂ አልሰመጥሽም» አለኝ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ያ ቀልድ ከእሱ አፍ ወጥቶ ግቢውን ሞላው። ጠዋት ለፊርማ ስሰለፍ «እንዴት ነው፣ ውኃው ይቀዘቅዛል?» የሚለኝ አይጠፋም ነበር። ለአሥር ወር እንዲህ ኖርኩ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እፈርማለሁ፣ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ እቀመጣለሁ፣ ለምሳ እወጣለሁ፣ ተመልሼ እፈርማለሁ፣ እንደገና እቀመጣለሁ። ሥራ ሳይኖር ደመወዝ መቀበል ደስ የሚል የሚመስለው ሰው ያንን አግዳሚ ይሞክረው። ባለጉዳይ ሁሉ ተራ የምጠብቅ እየመሰለው «ማነሽ ከፊቴ ነሽ?» ይለኝ ነበር።

በዚያ አሥር ወር ውስጥ ሰው የሆነችልኝ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ናት። ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች፣ ባሏ ሞቶባታል፣ ሦስት ልጅ ታሳድጋለች። ሐምሌ ላይ ብርዱ ሲጠና የምክር ቤቱን አዳራሽ በር ከፈተችልኝና «እትዬ፣ ኮሪደሩ ይነፍስብዎታል፣ እዚህ ይቀመጡ» አለችኝ። ሰው ቢመጣ ምን እላለሁ ብዬ ስፈራ የወንበር መጥረጊያ ጨርቅ ሰጠችኝ። «ይህን ይያዙ። ሰው ሲመጣ እያገዙኝ ነው እላለሁ።» አንድም ቀን ይጥረጉልኝ አላለችኝም። ጨርቁን ጭኔ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ፣ እሷ ትሠራለች። እኔ በዚያ ጊዜ ከደመወዜ ቀንሼ ከሥራ በኋላ ሮቤ ላይ ኮምፒውተር መማር ጀምሬ ስለነበር ፊደሎቹ የት የት እንዳሉ በጨርቁ ላይ በጣቴ እለማመድ ነበር።

በኋላ አንድ ወንበር ተገኘ፤ የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆንኩ። ደረጃው ከነበረኝ ዝቅ ያለ ነው። ተቀበልኩ። ጥቂት ቆይቶ መምህሩ ከቀበሌው ተመርጦ የምክር ቤት አባል ሆነና ከጠረጴዛዬ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ መቀመጥ ጀመረ። ለዓመታት እንዲህ ተቀመጥን። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሰላም እንባባል ነበር። ስለ ድልድሉ አንድ ቀን አላነሳም። እኔ ለእሱ የተረሳ ነገር ነበርኩ፤ ከቀልዱ ይልቅ ያናደደኝ ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ኑሮው የከበደበት ዘመን መጣ። አገሬው ሁሉ የሚያስታውሰው ስለሆነ ብዙ አላወራም። ነጋዴው ፈቃዱን እየመለሰ ሱቁን ዘጋ። መሠረት የወጣላቸው ሕንፃዎች ብረታቸው ወደ ሰማይ ቆሞ ቀረ። የማዳበሪያ ዋጋ ገበሬውን አስጮኸው፣ ስንዴ ገዢውም እንደ ድሮው ኮምባይነሩን ተከትሎ አልመጣም። ገቢ ሲጠፋ ግብር ይጠፋል፣ ግብር ሲጠፋ የወረዳው ደመወዝ ይዘገያል። በሠራተኞች ክበብ ቴሌቪዥን ላይ ትልቁ ፓርላማ ስለ በጀት ሲከራከር እናይ ነበር፤ ምንጣፉን፣ ማይክሮፎኑን፣ ለእያንዳንዱ ሰው የተቀመጠለትን የታሸገ ውኃ። የእኛ ፓርላማ የቆርቆሮ ጣሪያ ነበረው። የሚከራከሩት ግን ስለዚያው ነገር ነው፤ ጉድለቱን ማን ይሸከመው?

ስብሰባው ሦስት ቀን ነበር። ነገሩ ሁሉ የተባለው በኦሮምኛ ነው፤ እዚህ በአማርኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የፋይናንስ ኃላፊው የበጀት ማስተካከያ ብሎ ያመጣው ሐሳብ ረጅም ሆኖ ቁም ነገሩ አጭር ነበር። ስድስት የጽዳትና የተላላኪነት መደቦች ይታጠፉ፤ በመደቦቹ ላይ ያሉት ሰዎች ይሰናበቱ። ስድስቱም ሴቶች ናቸው። አንዷ ጨርቁን የሰጠችኝ ሴት ነበረች።

መጀመሪያ የተነሱት አንድ ሐጂ ናቸው፤ ወደ ገሰራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ቀበሌ ተወካይ። ብዙ አይናገሩም፤ ሲናገሩ ሰው ወንበሩን ያስጠጋ ነበር። ሰው ከማሰናበታችን በፊት ለየበዓሉ የሚታተመውን ቲሸርትና ባነር እንተው አሉ። ቤታቸው ውስጥ ከየስብሰባው የወሰዱት ቲሸርት መዓት እንደሆነ፣ አንዱ ላይ ቁጠባ ባህላችን ይሁን ተብሎ እንደተጻፈና እሱን ለብሰው በሬ እንደሚጠምዱ ሲናገሩ አዳራሹ ሳቀ። የፋይናንስ ኃላፊው አልሳቀም። ማንም ሰው እየተባረረ አይደለም፣ የሚታጠፈው መደቡ ነው፣ ነገሩን ስሜታዊ አናድርገው አለ።

ሐጂ ቁጭ ካሉበት ቀና ብለው፣ «ማሎ፣ እባካችሁ፣ ይህ መደብ የምትሉት ልጅ አለው ወይ?» አሉ።

በሁለተኛው ቀን ዝናብ ነበር። አባላቱ ጭቃ በቦቲያቸው ተሸክመው ገቡና አዳራሹ ማሳ መሰለ። ያቺ ሴት ባልዲዋን ይዛ ገባች። ክርክሩ አልቆመም። እሷ በወንበሮቹ መካከል እያጎነበሰች ስትመጣ ሰዎቹ እግራቸውን አንስተው ያሳልፏታል፣ እግራቸውን እንዳነሱም ስለ እሷ ይናገራሉ። አንዱ የጽዳቱን ሥራ በማኅበር ለተደራጁ ሰዎች በርካሽ መስጠት ይቻላል ሲል እሷ ከእሱ ወንበር ሥር ነበረች። ሠርታ ጨርሳ ስትወጣ እኔን አየችኝ። እኔ ወደ ደብተሬ አየሁ።

ሦስተኛው ቀን ላይ መምህሩ ተነሳ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ጥሩ ተናገረ። እነዚህ ሴቶች ጉድለቱን አላመጡትም፣ ቢሄዱም አይሞላም አለ። ጉድለቱን እንቀንስ ካልን ደግሞ የመኪናው ነዳጅ አለ፣ የመስተንግዶው ወጪ አለ፣ ከሁሉ በፊት እዚህ ተቀምጠን የምንወስደው የውሎ አበል አለ፣ እኔ የሦስት ቀኑን እተወዋለሁ፣ እናንተስ? ብሎ ወደ ኋላ ዞሮ ሰዎቹን አየ። እስከዚያ ድረስ አንገቱን እየነቀነቀ የሚሰማው ሰው ሁሉ አበል ሲባል ጋቢውን ማስተካከል ጀመረ። ከኋላ አንዱ «መምህር ጡረታና ደመወዝ አንድ ላይ ስለሚበላ ነው» ሲል ተሳቀ። ውሸት ነበር፤ ሳቁ ግን ሥራውን ሠራ። አበልን ባያነሳ ኖሮ አምስት ስድስት ሰው አብሮት እጁን ያወጣ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ።

አፈ ጉባኤው ድምፅ አሰጠ። የሚደግፍ ሲባል አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ። የሐጂም እጅ ወጥቶ ነበር፤ ዓይናቸው ግን መሬት ላይ ነበር። የሚቃወም ሲባል የመምህሩ እጅ ብቻውን ወጣ።

እዚህ ላይ የእኛን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ድምፅ የተሸነፈ አባል «ሐሳቤ በልዩነት ይያዝልኝ» ካለ ከነምክንያቱ በቃለ ጉባኤው ይጻፍለታል። በእኛ ቤት በልዩነት የተያዘበት ውሳኔ ወዲያው አይፈጸምም ነበር፤ ወደ ቋሚ ኮሚቴ ተመልሶ ከዚያ ለዞን ይላካል። ዞን ደግሞ ሠራተኛ የሚነካ ነገር ሲያይ ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። ስለዚህ አንድ እጅም ቢሆን ዋጋ ነበረው፤ ከተጻፈ።

መምህሩ ወደ ጠረጴዛዬ መጥቶ ቆመ። ሰው ለመውጣት እየተንጋጋ ስለነበር ጎንበስ አለና በቀስታ አስጻፈኝ። «ሐሳቤ በልዩነት ይያዝልኝ። የስድስቱ ሴቶች መደብ መታጠፍ የወረዳውን ጉድለት አይሸፍንም፣ አማራጭ ወጪዎችም አልታዩም።» በረቂቅ ደብተሬ ላይ ቃል በቃል ጻፍኩት።

«ያዝሽው?» አለኝ።

«ይዣለሁ» አልኩት።

ሌላም ልማድ ነበረን፤ ትክክል አልነበረም፣ ግን ሁሉም ያደርገው ነበር። ቃለ ጉባኤው ተገልብጦ እስኪታተም ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል፤ አባላቱ ደግሞ ከሩቅ ቀበሌ የመጡ ስለሆኑ የመጨረሻው መኪና ሳያመልጣቸው መሄድ አለባቸው። ስለዚህ የፊርማው ገጽ ላይ አስቀድመው ፈርመው ይሄዳሉ። ጽሑፉ በኋላ ከፊርማው በላይ ይመጣል። መምህሩም ገጹን ተቀብሎ ፈረመና እስክሪብቶዬን መለሰልኝ። «አንቺ ከጻፍሽው ምን አነባለሁ» አለኝ።

ማመስገኑ ነበር ይሆናል። እኔ የሰማሁት ግን አላነብሽም የሚል ነው።

ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። አትነካም ያለኝ ኮምፒውተር ነው። ደብተሩን በግራዬ አድርጌ ገለበጥኩ። የፋይናንስ ኃላፊውን ንግግር ገለበጥኩ፣ የሐጂን ገለበጥኩ፣ የመምህሩንም ገለበጥኩ፤ ግን አሳጠርኩት፣ «አንዳንድ አባላት ሌሎች ወጪዎችም ቢታዩ የሚል አስተያየት ሰጥተዋል» አልኩ። ከዚያ ድምፅ አሰጣጡ ጋ ደረስኩ። «የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብዬ ጻፍኩ። ልዩነቱን ዘለልኩት። ገጹን ከፊርማው ገጽ ጋር አያያዝኩና ለአፈ ጉባኤው ወሰድኩለት። ማህተም ሲያደርግበት ያነበበው አይመስለኝም። ቢያነበውም በሙሉ ድምፅ የሚለው ቃል ደስ የሚያሰኘው ሰው ነበር፤ ስለዚህ የሱንም ድርሻ እዚህ እጽፍለታለሁ።

ሴቶቹን አላሰብኳቸውም ብዬ መጻፍ ፈልጌ ነበር። ጽፌው ሰረዝኩት። አስቤያቸዋለሁ። የአንድ ሰው ሐሳብ በልዩነት ስለተያዘ ዞን ያድናቸዋል ማለት አይደለም፣ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ከማሰቤ ጋር አብሮ የመጣው ሌላው ሐሳብ ግን የበለጠ ጣፈጠኝ፤ ወረቀቱን ያየ ሁሉ እሱም እጁን አውጥቶ አባረራቸው ይላል፣ ግቢው ውስጥ ሲያልፍም በተራው የሚስቅበት ያገኛል።

የስንብት ደብዳቤው በሁለተኛው ሳምንት ደረሳቸው። ስድስቱም ሴቶች በአንድ ቀን፣ ለሰው ሀብት ክፍል እየፈረሙ ወሰዱ። በኮሪደሩ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር ተራቸውን የጠበቁት። እኔ የዚያን ቀን ከቢሮዬ አልወጣሁም፤ ለምሳም።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ያቺ ሴት መጣች። ከቀብር የመጣች ይመስል ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር። ለዞን አቤቱታ ሊያስገቡ እንደሆነ፣ አቤቱታውን የሚጽፍላቸው ራፖር ጸሐፊ የቃለ ጉባኤው ቅጂ ይያያዝ እንዳላቸው ነገረችኝ። መምህሩን መንገድ ላይ አግኝታው፣ አይዟችሁ፣ እኔ በልዩነት አስይዣለሁ፣ ቅጂውን ብቻ አውጡ ብሏታል። ቅጂው የእሷ መብት ነው። አወጣሁላት።

ማንበብ አትችልም። «እትዬ፣ ያ ነገር የቱ ጋ እንደሆነ ያሳዩኝና ራፖር ጸሐፊው እንዲያሰምርበት ላድርግ» አለችኝ።

አነበብኩላት። ከመጀመሪያው ጀምሬ በአማርኛ እየመለስኩ፣ ቀስ ብዬ አነበብኩላት። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አላደረግሁም። ጨረስኩ።

«አለቀ?» አለች።

«አለቀ።»

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና ገልበጥ አድርጋ ጀርባውን አየች፣ እዚያ የቀረ ነገር ያለ ይመስል። ከዚያ አራት አጠፈችው። «እንግዲህ ዋሽቶኛል ማለት ነው» አለች።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ደብተሩ መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከጉልበቴ አንድ ስንዝር ርቆ ነበር። ጡረታ ለመውጣት ስምንት ወር ቀርቶኝ ነበር። ሰነድ አዛብታለች ከተባልኩ ጡረታዬ ምን እንደሚሆን ኮሪደሩ ላይ ብዙ አይቻለሁ። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ከዚያ «ሰው ማመን ከባድ ነው» አልኳት። በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

አቤቱታቸው ወድቆ ተመለሰ። ምክር ቤቱ በሙሉ ድምፅ የወሰነው ስለሆነ የሚታይበት ምክንያት የለም ተባሉ።

ሴቶቹ መምህሩን መንገድ ላይ እያዩት ሰላም ማለት ተዉ። ገበያ ላይ አንዷ «ድምፅህ አምሮ ወጥቷል» ብላ ሰው ሰምቶ ሳቀ። ለቅሶ ቤት ሲገባ ጠጋ ብሎ ቦታ የሚለቅለት እየጠፋ መጣ። የተመኘሁት ይህን ነበር፤ እንደተመኘሁት ሆነ። ሳቁን ስሰማ ግን የጠበቅሁትን ያህል አልሞቀኝም፤ ያ የኮሪደሩ ሳቅ ነው፣ አውቀዋለሁ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ መጣ። ካፖርቱ ርሶ ነበር። ተቀመጡ ስለው አልተቀመጠም።

«ቃለ ጉባኤውን አየሁት» አለ። «የእኔ ልዩነት የለበትም።»

«ስገለብጥ አምልጦኝ ይሆናል፣ መምህር።»

«እህቴ፣ አንቺን በጨለማ እንኳን ፋይል አምልጦሽ አያውቅም» አለ።

ወረቀት አስተካከልኩ።

«የድልድሉ ነገር ነው?» አለ።

ለአሥር ዓመት ስጠብቀው የነበረ ጥያቄ ነው። የማወርድበትን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ አግዳሚውን፣ ቀልዱን፣ የባለቤቴን ቀብር። አፌን ስከፍት አንዱም አልመጣም። ያቺ ሴት ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን ስታይ ብቻ ታየኝ።

«እዚያ ኮሚቴ ውስጥ አምስት ነበርን» አለ። ይቅርታ አላለም። ወጣ፤ በሩንም ቀስ ብሎ ዘጋው።

በሚቀጥለው ጉባኤ ተነስቶ ልዩነቱ እንዳልተጻፈ ተናገረ። አፈ ጉባኤው ቃለ ጉባኤውን ብድግ አድርጎ፣ ጽሑፉ ጸድቋል፣ የእርስዎም ፊርማ አለበት፣ ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ አለ። ሐጂ ወደ እኔ ዞረው አዩ። ከዚያ እንደገና መሬት መሬቱን አዩ፤ እሳቸውም የራሳቸውን እጅ ያስታውሳሉ። እኔ ያንን የመምህሩን ንግግር ሳላሳጥር፣ ቃል በቃል ጻፍኩት። ለማንም አልጠቀመም።

የድልድል ኮሚቴው የነጥብ ሰነድ ቅጂ ለምክር ቤቱ ተልኮ ስለነበር ከወንበሬ ጀርባ ባለው መደርደሪያ ላይ ነበር። ማን ስንት እንደሰጠኝ፣ ማን ምን እንዳለ እዚያ ይገኛል። የሰው ሀብቱ ኃላፊ የነገረኝ እውነት መሆኑን ለማወቅ እጄን መዘርጋት ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። መምህሩ ያን ቀን ከወጣ በኋላም፣ ጡረታ እስክወጣ በነበሩት ወራትም አልከፈትኩትም። ነጥቤን ያስቀነሰው እሱ ካልሆነ ምን እንደሚቀረኝ አላውቅም ነበር። ቀልዱን ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሱን ማንም አይወስድብኝም።

በስምንተኛው ወር ጡረታ ወጣሁ። ንብረት ሳስረክብ ረቂቅ ደብተሩን አላስረከብኩም፤ ጠፍቷል ብዬ ፈረምኩ። ለዞን አልጻፍኩም። ለመምህሩ አልደወልኩም። እሱ ምክር ቤቱን ትቶ ጎባ ልጁ ዘንድ ገብቷል ይባላል።

ያቺ ሴት ሮቤ መጥታ በየሰው ቤት ልብስ ማጠብ እንደጀመረች ስሰማ አስጠራኋት። አሁን ማክሰኞና ቅዳሜ እኔ ጋ ትሠራለች። ሌሎች ቤቶች ከሚሰጧት አስበልጬ እከፍላታለሁ፤ ሰው ሲጠይቃት እትዬ ደግ ናት ትላለች። ደብተሩ ሳሎን፣ ከሬዲዮው አጠገብ ነው። አቧራ ስትጠርግ ታነሳዋለች፣ ሥሩን ትጠርጋለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች። አልነገርኳትም።